የሠሪው ስም

በእኛ አገር ጠመንጃ ልብስ አለው። ደራ፣ አንበሳሜ ገበያ ላይ የሚያልፈውን ባለጠመንጃ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። የሰውዬው ጋቢ ካረጀ ቆይቷል፤ የጠመንጃው ማንገቻ ግን በባለቀለም ክር ተጠልፏል። አፈሙዙ አቧራ እንዳይገባው ንጹሕ ጨርቅ ተወትፎበታል፤ ሰደፉም ቅቤ የጠጣ ይመስል ያብረቀርቃል። ዋጋውን ብትጠይቁት በበሬ ተምኖ ይነግራችኋል። ከማን እንደገዛው፣ ከዚያ በፊት በማን እጅ እንደነበረ፣ በየትኛው ለቅሶ ላይ ተተኩሶ ስንት ሰው እንዳስለቀሰ ሁሉ ያወጋችኋል። ማን ሠራው ስትሉት ግን «የራሽያ ነው» ይላል፤ ወሬውም እዚያው ላይ ያልቃል። ለመሬቱ ሲሆን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው የጠመንጃውን አባት አያውቅም።

ከዚያው ገበያ ዳር ወናፍ የሚነፋ ቀጥቃጭ አይታጣም። ማረሻ ይስላል፣ ማጭድ ይሞርዳል፣ የላላ መጥረቢያ ያጠብቃል። ያለ እሱ የደራ ገበሬ አንድ ጥማድ አያርስም። እንደ ድሮው ባይሆንም፣ ዛሬም በቀኝ እጁ ብር እየከፈለው በግራ እጁ ሕፃኑን ወደ ኋላው የሚሸሽግ ሰው አለ፤ የቀጥቃጩ ዓይን እንዳያርፍበት። አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አጠገብ ተቀምጬ «አባባ፣ ጠመንጃስ ይሠራሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ምላጩ ሲሰበርበት ይመጣል» አሉኝ። «በቀን ግን አይመጣም።»

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች፣ ባለጠመንጃውና ባለወናፉ፣ በአንድ ገበያ እየዋሉ በቀን አለመተዋወቃቸው ነው ይህን ወግ ያስጻፈኝ።

ሌላ አገር ሠሪው ከተሸካሚው በላይ ገንኖ ያውቃል። ለምሳሌ ሳሙኤል ኮልት። በ1814 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሃርትፎርድ ከተማ የተወለደ ሰው ነው። በወጣትነቱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሰው የሚያስቅ ጋዝ በገንዘብ ያሸትት ነበር፤ ለሽጉጡ ሙከራ ገንዘብ ያጠራቀመውም በዚህ ነው። የሚሽከረከር የጥይት ቤት ያለውን ሽጉጥ በ1836 በስሙ አስመዘገበ፤ ፋብሪካም ከፈተ፤ በ1842 ከሰረ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሜክሲኮ ጦርነት ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥት 1,000 ሽጉጥ ሲያዝዘው የራሱ ፋብሪካ ስላልነበረው በሰው ፋብሪካ አሠርቶ አስረከበ። በ1855 ግን ሃርትፎርድ ላይ ሰማያዊ ጉልላት የደፋ ትልቅ ፋብሪካ አቆመ። የዚያ ፋብሪካ ምሥጢር የሽጉጡን አካላት በማሽን በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት አድርጎ ማውጣት ነበር። ኮልት ነጋዴነቱ ከፈጣሪነቱ አያንስም። ለነገሥታትና ለጄኔራሎች በወርቅ ያጌጠ ሽጉጥ በስጦታ እየላከ ገበያ ይከፍት ነበር። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝም ለሩሲያም ሸጧል። በ1862 መጀመሪያ ላይ በ47 ዓመቱ ሲሞት ከአገሩ ታላላቅ ባለጸጎች አንዱ ነበር።

ሚስቱ ኤልሳቤጥ ለመታሰቢያው ቤተ ክርስቲያን አሠራችለት። በአንደኛው በር ዙሪያ በድንጋይ ላይ የተፈለፈለው ሐረግና አበባ ብቻ አይደለም፤ የሽጉጥ አካላትም አሉበት። በእኛ አገር ጠመንጃ የያዘ ሰው መሣሪያውን ለጓደኛው አስይዞ ወይም ግንብ አስደግፎ ነው ወደ ቅጽሩ የሚዘልቀው። እዚያ ሽጉጡ ራሱ ግንብ ሆኗል።

ኮልት ለሁለቱም ወገን የነገደበት የክራይሚያ ጦርነት ትልቁ ከበባ የሴቫስቶፖል ነበር። የዚያች ከተማ ስም ባሕርና በረሃ ተሻግሮ መጥቶ ከአንበሳሜ ብዙም በማይርቅ ኮረብታ ላይ አንድ ነሐስ ክርስትና ተነሣበት። ኮረብታው ጋፋት ነው። ከአንበሳሜ ሐሙሲት ወጥቶ፣ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ የታጠፈ መንገደኛ ደብረ ታቦር ይደርሳል፤ ጋፋት ከከተማዋ አጠገብ ናት።

አፄ ቴዎድሮስ መድፍን የወደዱት መድፍ ስለመታቸው ነው። ገና ካሣ ሳሉ፣ በ1840 ዓ.ም.፣ ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጋር ገጥመው በመድፍ ተሸነፉ። ጀግንነት ብቻውን የት እንደሚቆም በዓይናቸው አይተው ተመለሱ። ከነገሡ በኋላ ሌላው ንጉሥ መድፍ ሲገዛ እሳቸው መድፍ የሚሠራ እጅ ፈለጉ። በእኔ ግምት ከዘመናቸው ሰዎች ሁሉ የሚለያቸው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ዕቃውን ከማግኘት ይልቅ ሙያውን ማግኘት።

ያገኟቸው ሰዎች ግን መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ፣ በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ጎባት የላካቸው፣ በእጅ ሥራቸው እየኖሩ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን። በኋላ የፖላንዱ ሞሪትዝ ሆልና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ ተጨመሩ። ንጉሡ መጽሐፍ ቅዱሱን ተቀበሉ፤ ከዚያ መድፍ ሥሩልኝ አሉ። አናውቅም ቢሉ የሚሰማቸው አጡ። ዋልድማየርና ሳልሙለር የሊቀ መኳስ ዮሐንስን፣ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ሴቶች ልጆች አግብተው ነበርና የቤተ መንግሥት ቤተኞች ሆነዋል። ቤተኛ ደግሞ እምቢ ማለት አይችልም።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። መድፍ ማቅለጥ ማረሻ እንደመቀጥቀጥ አይደለም። ነሐስ ለመቅለጥ ወደ 1,000 ዲግሪ የተጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ያን ሙቀት በእንጨት ከሰልና በወናፍ ማውጣት፣ ምድጃው ራሱ ሳይቀልጥ ማቆየት፣ ከየምድጃው የሚፈሰውን ነሐስ ሳይቋረጥ ወደ አንድ ጉድጓድ መምራት ያስፈልጋል። የቅርጽ ማውጫው ጭቃ ውስጥ ትንሽ እርጥበት ካለ ደግሞ የፈላው ነሐስ ወደ ላይ ይፈነዳል። እስቲ አስቡት፤ ከሰሉን የሚያከስል፣ ጭቃውን የሚረግጥ፣ ወናፉን የሚነፋ፣ ጡቡን የሚጠብስ ማን ነበር? አምስት ወይም ስድስት ፈረንጅ ይህን ብቻውን አይችለውም። ንጉሡ ለሥራው የመደቧቸው የአገሬው ሰዎች ናቸው የሠሩት። ፈረንጆቹ በኋላ የጻፏቸውን መጻሕፍት ያነበበ የዋልድማየርን ኀዘንና ደስታ ያውቃል፤ ወናፉን የነፋው ሰው ስም ግን እምብዛም አይገኝም።

ይህ ታሪክ ለአንበሳሜ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝ ራሳም ንጉሡ ያሰሯቸውን ፈረንጆች ሊያስፈታ ሲመጣ የተቀመጠው ቆራጣ ነው፤ እዚሁ ደራ፣ ጣና ዳር። ራሳም የሞሱል ሰው ነው። ዛሬ የሚታወቀው ጥንታዊውን የጊልጋመሽ ተረት የያዙትን የሸክላ ጽሑፎች ነነዌ ላይ ቆፍሮ በማውጣቱ ነው። ከዚያ ሁሉ ጥንታዊ ነገር በኋላ ቆራጣ ላይ ደንገል ሲታሰር ቁጭ ብሎ አየ። የጋፋት ሠራተኞችም እዚያው ወርደው ከእሱ ጋር ሰነበቱ። አፄ ቴዎድሮስ በማዶ፣ በዘጌ ሰፍረው ነበር፤ እዚያም እጃቸው አላረፈም። ከደንገል ትልቅ ጀልባ አሠርተው፣ በጎኑ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጥመው በሐይቁ ላይ ሞከሩት። በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ መኖሩን ሰምተዋል፤ እንፋሎቱ ባይኖር መንኮራኩሩ ይኑር ያሉ ይመስላል። እኔ በዚህ አልስቅም። ታንኳ ለሺህ ዓመት ያው ታንኳ ሆኖ በኖረበት ሐይቅ ላይ ለምን እንዲህ አይሆንም ብሎ የጠየቀ ሰው ይከበራል።

በዚያው ዓመት ኮሌራ ገብቶ ቆራጣን ሲፈጅ ሰፈሩ ወደ ጋፋትና ደብረ ታቦር ወጣ። ንጉሡ ፍላድ የሚባለውን ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ጥያቄያቸው ባለሙያና መሣሪያ ይላክልኝ ነበር። ባለሙያዎቹ በእርግጥ ተቀጥረው ምጽዋ ድረስ መጡ። እስረኞቹ ሳይፈቱ አይለፉም ተባለና ከዚያው ተመለሱ። ቢያልፉ ኖሮ የአገሪቱ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ግን እጠራጠራለሁ፤ በዚያን ጊዜ ንጉሡ ጎንደርን ለማቃጠል የተቃረቡ፣ ከሕዝባቸው የተጣሉ ሰው ነበሩ፤ የባለሙያ መምጣት ያንን አይጠግንም።

የጋፋት ትልቁ ሥራ ሴባስቶፖል ነው፤ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ሞርታር። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መገባደጃ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ አምባ ሲነሡ በመቶ የሚቆጠር ሰው ጠፍር ይዞ ጎተተው። ገደሉ በባሩድ እየተናደ፣ መንገዱ ከፊት ከፊት እየተሠራ፣ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። የበጌምድርን ገበሬ ከሠራዊቱ ጋር ያጣላው ግብርና ዘረፋ ሳይረሳ፣ ያ መንገድ በሙያ ደረጃ ሲታይ ትልቅ ሥራ ነው። እስረኞቹን በኃይል ሊያስፈታ የመጣው፣ በመሐንዲስነቱ የሚኮራው የእንግሊዝ ጦር እንኳ አድንቆታል።

ከዚያ ሚያዝያ 3 ቀን ደረሰ፤ የስቅለት ዕለት። መቅደላ አጠገብ፣ እሮጌ ሜዳ ላይ ከአምባው የተተኮሱት መድፎች ጥይታቸው ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ አለፈ። እንግሊዞቹ በትከሻቸው የያዙት ጠመንጃ ግን አዲስ ነበር። ከኋላው የሚጎርስ፣ ተኳሹ ሳይቆም ተኝቶ የሚያጎርሰው፣ ወታደር በደቂቃ አሥር ጊዜ ያህል የሚተኩሰው ስናይደር ነው። ወደ 700 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ 1,200 ያህሉ ቆሰሉ። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ንግሥት ቪክቶሪያ በሰጠቻቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

ያን ጠመንጃ የፈጠረው ያዕቆብ ስናይደር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሐሳቡን ለእንግሊዝ መንግሥት አቀረበ፤ መንግሥት ተቀበለው፤ ክፍያው ግን በቢሮ ለቢሮ ምልልስ ዘገየ። በ1866 እ.ኤ.አ.፣ እሮጌ ከመሆኑ ሁለት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ቀድሞ፣ ገንዘቡን እጁ ሳያስገባ በድህነት ሞተ። የመሣሪያው ስም ግን ስናድር ሆኖ በፉከራችን ውስጥ ገባ። ኮልት ቤተ ክርስቲያን ተሠራለት፤ ስናይደር የሐበሻ ፉከራ ደረሰው፤ የጋፋቱ ወናፍ ነፊ ሁለቱንም አላገኘም።

የጋፋት ፈረንጆች መጨረሻስ? ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄደ። ጦርነትን ጨርሶ ከማይቀበሉት ከክዌከሮች ማኅበር ገባ፤ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በእርጅናው ደግሞ አስፉሪዬ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። በጉልምስናው ሞርታር ያቀለጠ እጅ በሽምግልናው ሰንሰለት የተፈታላቸውን ሕሙማን ተቀበለ። ሞሪትዝ ሆል ከኢትዮጵያዊት እናት ከተወለደችው ባለቤቱ ከወለተ ኢየሱስ ጋር ወደ ያፋ ወረደ። በመቅደላው ዓመት የተወለደችው ልጃቸው መግደሌና ለአንድ ሩሲያዊ ባላባት ተዳረች፤ የልጅ ልጇም ፒተር ኡስቲኖቭ ነው፤ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው የፊልም ተዋናይ። በፊልም ኔሮን ሆኖ ሮም ስትቃጠል የዘፈነው ሰው ቅድመ አያት ደብረ ታቦር አጠገብ ነሐስ ያቀልጥ ነበር ማለት ነው።

የፈረንጆቹ ዘር እንዲህ ይቆጠራል። የእኛዎቹስ? ያ ሁሉ ከሰል አክሳይ፣ ጡብ ጠባሽ፣ ጭቃ ረጋጭ ልጅ አልወለደም? ወልዷል። ምናልባት አንዳንዱ ልጅ አባቴ ቀጥቃጭ ነበር ማለትን ፈርቶ ዝም ብሏል። ሙያው በጋፋት ላይ የቆመው ነሐስ ስላለቀ ብቻ አይመስለኝም፤ የሠራ እጅ የሚኮራበት ስም ስላላገኘም ጭምር ነው። መንግሥት የቦታውን ስም አልረሳም፤ የዘመናችን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጋፋት ተብሎ ተሰይሟል። አዲስ አበባም ቸርችል ጎዳና ላይ የሴባስቶፖል ምስል ቆሟል። እውነተኛው ነሐስ እስካሁን መቅደላ ላይ ነው።

ስለዚህ ለደራ፣ ለፎገራና ለፋርጣ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ። ቅድመ አያታችሁ ጋፋት ላይ ወናፍ ነፍቷል፣ ሴባስቶፖልን በጠፍር ጎትቷል የሚል ወሬ በቤታችሁ ካለ፣ ሽማግሌው ሳያልፉ ስሙን ከነአባቱ ጻፉት። ቀጥቃጭ ነበር ከተባለም፣ ቀጥቃጭ ብላችሁ ጻፉት።