«ሰማይና ምድር» በአንድ ገበታ

በጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ በገባንበት በመጀመሪያው ቀን አስቀድመን የጎበኘነው ታላቁን ካቴድራል ነበር። ሕንፃው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1248 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1880 የተፈጸመ ሲሆን፥ ቁመቱ 157 ሜትር ያህል ነው። የሰብአ ሰገል አፅም አለበት የሚባለውን በወርቅ የተለበጠ ሣጥን ባየን ጊዜ፥ በልደት በዓል ስማቸውን እያነሣን ያደግን ነንና ባዕድነታችንን ረሳን።

ለምሳ «ሰማይና ምድር» የሚሉት የአገሩ ምግብ ቀረበልን። ሰማይ ያሉት ከዛፍ የሚለቀመውን ፖም፥ ምድር ያሉትም ድንችን ነው። ነገር ግን ከደም የተሠራ ቋሊማ ተደርቦበት ነበር። የሐዋርያት ሥርዓት ደምን ይከለክላልና ያለ ቋሊማ እንዲሰጡን በትሕትና ለመንን። አስተናጋጁም ምክንያታችንን ሰምቶ ሳይቀየም ሌላ ሳሕን አመጣልን፤ ባርከን በላን፥ ጣፈጠንም።

ልጆቻችሁን ወደ ባሕር ማዶ የምትልኩ ወላጆች ሆይ! የሰውን ገበታ ሳይንቁ ሕጋቸውን መጠበቅን አስቀድማችሁ አስተምሯቸው።