ጆሮዬን የገራው መንዙማ

ወሎ ላይ ያደገ ልጅ ግጥምን ከመጽሐፍ አይጀምርም። እኔ የጀመርኩት ከአያቴ ቤት ወዳጃ፣ ከጋራ የዱዓ ምሽቱ ነው። ሐሙስ ሲመሽ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፤ ሸሆቹ ከላይ፣ ተማሪዎቻቸው ደረሶቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ እኛ ልጆች በሩ ሥር። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ሕመም ወይም ጭንቅ ሲገጥማቸው ለዱዓ ይመጡ ነበር። ቡናው ይፈላል፣ እጣኑ ይጤሳል፣ መራቂው አንድ ባለ ቁጥር ቤቱ በሙሉ «አሚን!» ይላል።

ዓይኔ ግን ከድቤ መቺው አይነቀልም። ብርዱ ቆዳውን ያላላው እንደሆነ ድቤውን ከምድጃው አጠገብ እያዟዟረ ያሞቀዋል፤ በጣቱ ጫፍ መታ መታ ያደርግና ያዳምጣል፤ ድምፁ ካልጣመው መልሶ ወደ እሳቱ ያስጠጋዋል። ከዚያ መሪው ዝግ ብሎ ያወጣል፣ ተቀባዩ አዝማቹን ያነሳል፣ ጭብጨባው ይከተላል። ነቢዩን ማወደስ፣ ወልዮችን መማጸን፣ ሞትን ማስታወስ፣ ሁሉም በዜማ ነው፤ መንዙማ የሚባለው ይኸው ነው። ትርጉሙ ሳይገባኝ ቤት መምታቱን ለመድኩት።

ከሁሉ የደነቀኝ የአያቴ የመንዙማ ደፍተር ነው። ቁርኣን ቤት ገና ፊደል መለየት እንደጀመርኩ ገለጥኩት። ፊደሉ የዐረብ ነው። እየተንተባተብኩ ሳነበው ግን ከአፌ የወጣው የቤታችን አማርኛ ሆነ! በዐረብኛ ለሌለው «ጨ» እንኳ ነጥብ ተጨምሮለታል። አያቴ ስቀው «ዐጀም እኮ ነው፤ ሸሆቹ ለኛ ብለው የጻፉት» አሉኝ።

ለኛ ያሉት እውነት ነበር። የቃዲሪያ ሱፊ ጠሪቃ ሸሆች ዐረብኛ የማያውቀውን ገበሬና እረኛ በገዛ ቋንቋው አስተማሩት። ጀማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ የነበሩት ሸህ ሙሐመድ ሻፊ የነቢዩን ልደት፣ መውሊድን፣ የወሎ ትልቅ በዓል አደረጉት። የአርጎባው ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር ደግሞ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ሃይማኖትህን ለውጥ ሲሉት እንቢ ብለው ተነሡ፤ የዚያ ዘመን ሐዘንና ልመና በአማርኛ መንዙማቸው ውስጥ አለ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሲተረክ የእኚህ ሰው ስም አለመነሣቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የወሎ ዘፈኑም ቢሆን ከመንዙማው የራቀ አይደለም። አንድ አዝማሪ በባቲ ወይም በአምባሰል ቅኝት ሲያንጎራጉር ስሰማ፣ ድምፁን ሳብ አድርጎ የሚያቆይባት ቦታ ላይ የወዳጃው መሪ ይመጣብኛል። የወሎ ልጅ ሲዘፍን ሆድ የሚያባባው፣ ሲመርቅ ቃል የማያጥረው ከዚያው ቤት ስለወጣ ይመስለኛል።

የአያቴ ደፍተር ዛሬ አጎቴ ዘንድ ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋር ሆነን ወደ ግዕዝ ፊደል እየገለበጥነው ነው። ዐረብኛና አማርኛው ተጣምሮ አልፈታ ያለንን ስንኝ የአያቴ ደረሳ ለነበሩት ሽማግሌ በስልክ እናነብላቸዋለን። እሳቸው ግን ተናግረው አያብራሩም፤ እስከ አዝማቹ ድረስ በዜማ ያወጡታል።