መያዣው የማን ነው?

ይጁቤ ገበያ ላይ ስለ ፌስታል የሰውን ሐሳብ ለሚጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ይጥፋ!»። ሽንኩርት ሻጯ «ይጥፋ» ትላለች። ላሙ ፌስታል በልታ የሞተችበት ገበሬ ከነምርቃቱ «ይጥፋልን» ይላል። ባለሱቁም ጣቱን በምራቁ አርሶ አንዱን ፌስታል ከሌላው እየላጠ «እንዴታ፣ ይጥፋ እንጂ» ይላል። ከዚያ ሽንኩርቱ ይመዘናል፣ ፌስታሉ ይከፈታል፣ ገዢው ቆም ብሎ ያየውና «ደርብበት እንጂ ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ይበጠስብኛል» ይላል።

ይህን አይቼ ሰዉን አስመሳይ አልለውም። ሁሉም የልቡን ነው የተናገረው። ይኑር ወይስ ይጥፋ ብለን ስንጠይቅ ግን የሚቀድመውን ጥያቄ እንዘላለን፦ የተገዛውን ዕቃ መያዣ ማቅረብ የማን ፈንታ ነው? ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ከይጁቤ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

ይጁቤ ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ፣ ወደ አባይ በረሃ አቅጣጫ። የባሶ ገበያ ግን ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ስትባል ጀምሮ ስሙ የገነነ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጎጃም ተቀምጦ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ከእናርያና ከሌሎቹ የአባይ ማዶ አገሮች ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ሳላነሳ የድሮውን ገበያ ባሞግስ ነውር ይሆንብኛል።

ያ ሁሉ ሸቀጥ በምን ይያዝ ነበር? ዝባድ በከብት ቀንድ፣ አፉ በቆዳ ተለብጦ። ቡና በስልቻ፣ እህል በአቁማዳ፣ ቅቤ በቅል። ስልቻው ደግሞ የባለቤቱ ነው። ሻጭ እህሉን ይሰፍራል፣ ገዢ በራሱ አቁማዳ ይቀበላል፣ ሻጭ ባዶ ስልቻውን አራግፎ፣ ጠቅልሎ፣ አህያው ላይ ጭኖ አገሩ ይገባል። «በምን ልያዘው?» ብሎ ሻጭን የሚያፋጥጥ ገዢ አልነበረም።

ይህ ወግ እስከ እኔ ልጅነት ዘልቋል። እናቴ ገበያ ስትወጣ ዘንቢሏን ታነሳለች። ፌጦና ጥቁር አዝሙዱን በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች። ቅቤ በጉሎ ቅጠል፣ እንቁላል በገለባ ተጎዝጉዞ ነው የሚገባው። ስኳር ባለሱቁ ከአሮጌ ደብተር በቀደደው ወረቀት ይጠቀልለዋል፤ የማን ልጅ እንደሆነ የማናውቀው ተማሪ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘበት የሂሳብ መልስ ከስኳሩ ጋር ቤታችን ይገባል። ወረቀቱ መጨረሻው እሳት ማያያዣ ነው። ቅጠሉን ፍየል ትጨርሰዋለች።

በዚያው ዘመን ሌላው ዓለም ወደ ፌስታል ከገባ ቆይቶ ነበር። በ1933 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር ኖርዝዊች ከተማ፣ አይሲአይ በሚባል ኩባንያ ውስጥ ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን የተባሉ ኬሚስቶች ሌላ ነገር ሲፈልጉ ሙከራቸው ተበላሸና ሰም የመሰለ ነጭ ነገር አገኙ፤ ፖሊኢትሊን ነው። ከዚያ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለው ስዊድናዊ ሴሎፕላስት ለተባለ ኩባንያ ሲሠራ ዛሬ የምናውቀውን ባለጆሮ ፌስታል አወጣ፤ የአሜሪካ የፈጠራ መብቱ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ተመዘገበ። ልጁ ራውል በኋላ እንደተናገረው፣ አባቱን ያሳሰበው ለወረቀት ከረጢት የሚቆረጠው ዛፍ ነበር። ሰው አንዱን ፌስታል ደጋግሞ ይይዘዋል ብሎ አስቦ፣ እሱ ራሱ አጥፎ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር አሉ። ልቡ የዘንቢል ሰው ነበር ማለት ነው።

ይጁቤም መጀመሪያ የቱሊንን ሐሳብ አክብራለች። ፌስታል ብርቅ በነበረበት ጊዜ ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ታጥፎ ፍራሽ ሥር ይቀመጣል፣ የተማሪ ደብተር ከክረምት ዝናብ ያድናል። በኋላ እየሳሳ፣ እየረከሰ መጣ። ባለሱቁም ገበያተኛ ለመሳብ በነጻ ይሰጥ ጀመር። የነገሩ ሥር ይህ ነው። ለምርቃት የተሰጠው ነገር ሳይቆይ ግዴታ ሆነ፤ የማይሰጥ ባለሱቅ ስሙ «ቆንቋና» ሆነ፤ ዘንቢል ይዞ የመጣው ሰው ኋላ ቀር መሰለ።

ላሚቱ ግን ይህን አልሰማችም። ጨው ወይም የምግብ ፍርፋሪ የሸተተውን ፌስታል ትውጠዋለች። አይፈጭ፣ አይወጣ፣ ጨጓራዋ ውስጥ ይቋጠራል። የጠገበች ይመስላታል፣ እየከሳች ትሞታለች። የቄራ የእንስሳት ሐኪሞች ከብቶች ጨጓራ ውስጥ ደጋግመው ከሚያገኙት ባዕድ ነገር አንዱ ይኸው ፌስታል ነው። ባሶ ሊበን ላይ «ይጥፋ» የሚለው ሰው ስለ ውቅያኖስ ዓሣ እያሰበ እንዳይመስላችሁ። በሬ የሞተበት ገበሬ በመጪው ክረምት የሚያርስበት የለውም።

ሕግ አልነበረንም እንዳይባል አዋጅ ቁጥር 513/1999 ነበረ። ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ፣ ለማይበሰብስ ፌስታል የማምረቻም ሆነ የማስመጫ ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር። ስሱ ፌስታል ገጠር ድረስ የዘለቀው ይህ አዋጅ እያለ ነው። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ጠበቅ ያለ አዋጅ አጸደቀ፤ ፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ለአምራቹ ቅጣቱ የከበደ ነው። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ያደረጉት ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ገበያው ላይ የሚሰማው አስተያየትም ያኔ ተቀየረ። «ይጥፋ» ያለችው ሽንኩርት ሻጭ «ለግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ሁለት ሺህ ብር? ደግሞ ማን ሊከፍል ነው፣ እኔ ወይስ ገዢው?» ትላለች። ጥያቄዋ ቀልድ አይደለም።

ምትክ ተብሎ የሚሸጠውንም አገላብጬ አይቻለሁ። ጨርቅ የሚመስለው ባለጆሮ ከረጢት ጨርቅ አይደለም፤ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ የፌስታል የአጎት ልጅ። ገበሬው እህል የሚከትበት ማዳበሪያም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ስለሚያገለግሉ ከፌስታል ይሻላሉ፣ ፕላስቲክነታቸው ግን አልቀረም።

እኔ ክልከላውን እደግፋለሁ። ገዢ የራሱን ዘንቢል ይዞ ይምጣ፤ ከአያቶቹ የወረሰው ልማድ ስለሆነ አይከብደውም። ቅጣቱ ከገበያተኛዋ እጅ መጀመሩን ግን አልቀበልም። የ1999ኙ አዋጅ ያልተከበረው ገበያ ላይ ሳይሆን በፋብሪካና በጉምሩክ በር ላይ ነው። ተቆጣጣሪዎች ሆይ፣ ሥራችሁን ከዚያ ጀምሩ፤ ይጁቤ የፌስታል ፋብሪካ የላትም።