ማን ከፊት ትቁም?

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፈረስ መጋላ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ የድሮ ተማሪዬ ባጃጁን አቁሞ መጣና ስልኩን አፍንጫዬ ስር ደቀነው። «ቲቸር፣ አንተ ራሺያ ነው አይደል የተማርከው? እስቲ ይሄን ነገር ፍረድ» አለኝ። (ሐረርን የማታውቁ ጓደኞቼ፣ «አንተ» ማለቱ አይግረማችሁ። እዚህ አንቱታ ብዙ አይበረክትም።)

ስልኩ ላይ ሁለት የሩሲያ ባለሪናዎች ጎን ለጎን ሆነው አንድ ዓይነት ሚና ይደንሳሉ። ከስር ሰዉ እርስ በርሱ ይበላላል። አንዱ «በጣም ረጅም ናት፣ ወንዱ እንዴት ይሸከማት?» ይላል። ሌላዋ «እግር ጆሮ ድረስ ማንሳት ጂምናስቲክ እንጂ ባሌት አይደለም» ትላለች። ሦስተኛው «ይቺ ሚናውን ያገኘችው በማን በኩል እንደሆነ እናውቃለን» ብሎ ነገር ይጎነጉናል። ልጁ ግራ ገብቶት «አቦ! እኔ እኮ ስለ አርሴናል የሚጣሉ መስሎኝ ነው የገባሁት» አለ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ አብሮኝ አልገባም። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሌኒንግራድ የገባሁት በ1976 ዓ.ም. ነው፣ ኬሚስትሪ ልማር። ከሐረር የወጣ ልጅ ስለ ባሌት ምን ያውቃል? ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወር የዶርም ጓደኛዬ ታመመና ትኬቱ ተረፈ። ትኬት ከሚቃጠል ብዬ ኪሮቭ ቴአትር ሄድኩ። ዛሬ ወደ ጥንት ስሙ ተመልሶ ማሪንስኪ ይባላል። ውስጡ ሰማያዊና ወርቅማ ነው፣ ዓይን ያስጨንቃል። እኛ ግን ከታች ከወርቁ መሀል አልነበረም የምንቀመጠው፤ ጣሪያው ስር፣ ሩሲያኖቹ «ጋሊዮርካ» የሚሉት የድሃው ፎቅ ላይ ነው። ባሌት የሚያውቀው ሰው ያለው እዚያ ነው። ተማሪ፣ ነርስ፣ ጡረተኛ። ከእንጀራ ቀንሶ የሚገባ ሰው።

ፕሮግራሙ ላይ ለአንድ ሚና የብዙ ዳንሰኞች ስም ታትሞ፣ የዕለቱ ተረኛ ስም አጠገብ በእርሳስ ምልክት ይደረግ ነበር። ሰዉ ኮቱን ሳያወልቅ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ምልክት ነው። ክርክሩም ከዚያው ይጀምራል። በእኔ ጊዜ ከሚያጣሉት ሁለቱ ጋሊና ሜዘንትሴቫና ከአልማ አታ የመጣችው አልቲናይ አሲልሙራቶቫ ነበሩ። ሜዘንትሴቫ ቀጭን፣ ክንዷ ማለቂያ የሌለው ነው፤ ለወዳጆቿ መንፈስ ናት፣ ለማይወዷት አጥንት። አሲልሙራቶቫ ደግሞ ሙሉ ሴት ናት፣ ስትገባ መድረኩ ይሞቃል። አጠገቤ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ የሚያዩ። ከየት ነህ ሲሉኝ «ሐረር» አልኩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ጉሚልዮቭ!» አሉኝ። ባለቅኔው ኒኮላይ ጉሚልዮቭ በ1913 እ.ኤ.አ. እዚህ ሐረር መጥቶ ነበር፤ በ1921 ተረሽኖ ስሙ ለአሥርት ዓመታት ጮክ ተብሎ አይጠራም። የሀገሬን ስም በሌኒንግራድ ያወቀልኝ የመጀመሪያው ሰው ፈርቶ ነው ያወቀልኝ።

እኒህ ሴትዮ አንድ ቀን ከሁለቱ የትኛዋን እንደምመርጥ ጠየቁኝ። እንግዳ ነኝና በይሉኝታ «ሁለቱም ጥሩ ናቸው» አልኩ። ተቆጡ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው ማለት አላየሁም ማለት ነው አሉኝ። ቀጥለው ያስተማሩኝን እስካሁን አልረሳሁም። መጀመሪያ ከፊት ያለችውን አትይ፤ ከነጫጮቹ ረድፍ የመጨረሻዋን፣ ጥግ ላይ ያለችውን እይ። እሷ ማንም እንደማያያት እያወቀች አንገቷን በልኩ ካዘነበለች ቴአትሩ በሕይወት አለ አሉኝ። ያንን «ኮርደባሌት» ይሉታል፣ የረድፉን ጭፈራ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ «ስዋን ሌክ»ን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ጥግ ጥጉን ሆነ።

«ስዋን ሌክ» ውስጥ ጥቁሯ ስዋን በአንድ እግሯ 32 ጊዜ የምትሽከረከርበት ቦታ አለ። በ1895 ጣልያናዊቷ ፒየሪና ሌኛኒ እዚያው ማሪንስኪ አደረገችው፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣ ሁሉ ይቆጠርበታል። ጋሊዮርካው በከንፈሩ ይቆጥራል፤ 29 ላይ ካቆመች ወዮላት። ማያ ፕሊሴትስካያ ግን፣ ቦልሾይ ላይ ይህን ባሌት ከ30 ዓመት በላይ፣ 800 ጊዜ ያህል የደነሰችው ሴት፣ ያንን ማሽከርከር ትታ መድረኩን በክብ እየዞረች ታልፈው ነበር። ሰዉም ተነስቶ ያጨበጭባል። ቆጣሪውን ምን ዋጠው? አትጠይቁኝ። ያየ ያውቃል።

ግን ከፊት የሚያቆመው እግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። በ1956 ቦልሾይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ሲሄድ ፕሊሴትስካያ ሞስኮ ቀረች። አባቷ በ1938 የተረሸነ ሰው ነው፣ ዘመዶቿ ውጭ ነበሩ፣ መንግሥት አላመናትም። ለንደን ላይ ጁልየትን የደነሰችው የ46 ዓመቷ ጋሊና ኡላኖቫ ነበረች፤ እሷም ከተማውን ጉድ አሰኘች፣ ያንን ማንም አይቀማትም። በ2003 ደግሞ ቦልሾይ አናስታሲያ ቮሎችኮቫን «ከብዳለች፣ የሚያነሳት ወንድ የለም» ብሎ አባረራት፤ ፍርድ ቤት ትመለስ አለ። በጃንዋሪ 2013 የዚያው ቴአትር የባሌት ኃላፊ ሰርጌይ ፊሊን ፊቱ ላይ አሲድ ተደፋበት። ጥቃቱን አስደርገሃል ተብሎ የተፈረደበት ፓቬል ድሚትሪቼንኮ ዳንሰኛ ነው፤ ከጀርባው ይነሳ ከነበረው ቅሬታ አንዱ ለፍቅረኛው የሚገባት ሚና ተከለከለች የሚል ነበር። ልጅቷ የስዋን ሚና ቀረባት ተብሎ የሰው ዓይን ጠፋ። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ስለ ልጅቷ ነው። ማን ጠየቃት?

የቆዳ ነገርም አለ። በ2019 መጨረሻ አሜሪካዊቷ ጥቁር ባለሪና ሚስቲ ኮፕላንድ ፊታቸውን ጥቁር የተቀቡ ወጣት ሩሲያውያን ዳንሰኞችን ፎቶ ለጥፋ ስትቃወም ቦልሾይ እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ አልገባም አለ። ይሄን ሳነብ ተናድጄ ለልጆቼ «አያችሁ ነጮቹን!» አልኩ። ትልቋ ልጄ «አባዬ፣ የኛ ክሊፕ ላይስ ከፊት የምትቆመው ምን ዓይነት ናት?» ብላ ዝም አሰኘችኝ። ዝም ያልኩት መልስ ስላልነበረኝ አይደለም።

በ1989 ዓ.ም. እዚሁ ሐረር የማስተምርበት ትምህርት ቤት የጭፈራ ክበብ ኃላፊ ነበርኩ። ኬሚስትሪ አስተማሪ ምን አገባው አትበሉ፤ «ራሺያ የኖረ ሰው ኪነት ያውቃል» ተብዬ ነው። የወላጆች ቀን ደረሰ፣ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። አዲስ ልብስ መኪና ግርግር ልናሰፋ ሄድን፤ የክበቡ ብር ለአራት ልጅ ብቻ በቃች። አራት ልጅ ማለት የፊት ረድፍ ማለት ነው።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ነበረችኝ። እናቷ ሸዋ በር ሳምቡሳ ትጠብስ ነበር። ጥቁር፣ ቀጭን፣ አጠር ያለች ልጅ። ሸጎዬ ስትጨፍር አንገቷ ይሄዳል ከወገቧ በታች ግን መሬቱን አትለቅም፤ የሐረሪውን ስታመጣ ደግሞ ሌላ ሰው ትሆናለች፣ እጇ ብቻ ይናገራል። ሌሎቹን ልጆች የምታስጠናው እኔ አልነበርኩም፣ እሷ ነች። ፊት ረድፍ ላይ መሀል ያቆምኩት ግን ሌላዋን ነው። ቀይ፣ ቁመናዋ ያማረ፣ ፀጉሯ ወገቧ ጋ የሚደርስ። እግሯ ገና አልገባለትም ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ርዕሰ መምህሩ አላዘዘኝም፣ እንግዳ አላዘዘኝም። ዓይኔ መረጠ፣ አፌ «ለመድረክ ትመቻለች» አለ። ጥግ ጥጉን እይ ተብሎ ሌኒንግራድ ድረስ ሄዶ የተማረው ሰውዬ!

በዕለቱ ከበሮው ከሸጎዬ ወደ ሐረሪው ሲዞር ከፊት ያለችው ልጅ ጠፋባት። እግሯ ቆመ፣ ፊቷ ደም መሰለ፣ ዞር ብላ ወደ ኋላ አየች። ከሁለተኛው ረድፍ ጥግ «ቀኝ! ቀኝ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጥቁሯ ልጅ በተዋሰችው ሰፊ ልብስ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ወጥታ፣ የፊቷ ልጅ እንድታያት እጇን ከፍ አድርጋ ትጨፍራለች። ረድፉ ተመለሰ። ከእንግዶቹ ማንም አላወቀም። ሲያልቅ ሽልማቱን፣ አንድ ደርዘን ደብተር፣ ፊት ለነበረችው ሰጧት። እኔም አጨበጨብኩ።

ሰኞ ጥቁሯ ልጅ ክበብ አልመጣችም። ስጠይቃት «እናቴን ላግዝ ነው» አለች። አመንኳት፤ ማመኑ ቀለለኝ።

ፊት ያቆምኩሽ ልጅ፣ ዛሬ ባሕር ማዶ ነሽ፣ ይህን እንደምታነቢም አውቃለሁ። ያን ቀን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ። አላጽናናሁሽም። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም፤ ሳትደርሺ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ።

ያቺኛዋን ዘንድሮ ከሹዋሊድ በኋላ አገኘኋት። ፈረስ መጋላ ላይ ዕቃ ይዛ፣ 13 ዓመት የሚሆናት ልጇ ከጎኗ። ከአንዱ ሱቅ ሙዚቃ ይመጣል፣ ልጅቷ ቆማ አልቆመችም፤ ተረከዟ ድንጋዩን ይመታል፣ ትከሻዋ ግን ዝም ብሏል። አንድ ጊዜ አይቼ አወቅኳት። «ይቺን እኮ ክበብ ማስገባት ነው!» አልኩ በደስታ። እናትየው ፈገግ አለች። «ከፊት የሚቆሙት ሞልተዋል አሉ፣ ቲቸር» አለችኝ። እንዲሁ ለጨዋታ አስመስላ፣ ያለ ቁጣ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ተሰነባብተን ሄደች።

አሁን ደግሞ ጡረተኛውን ሰውዬ አንድ ትምህርት ቤት ለልጆች የባህል ጭፈራ ቡድን ሦስት መራጮች ውስጥ አግብቶኛል። ምርጫው ቅዳሜ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኛ ሲፈትኑ መጋረጃ ይጋርዳሉ፤ ማን እንደሚነፋ ሳይታይ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ዳንሰኛን ግን በምን ትጋርደዋለህ? ገላው ነው ሥራው። ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቼ ሁለት ነገር አቀረብኩ። ልጆቹ ሁሉ በትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይፈተኑ፣ አዲስ ልብስ ያለው የሌለው እንዳይታይ። ረድፉ ደግሞ በየሁለት ደቂቃው ይዙር፣ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ጊዜ ከፊትም ከጥግም ይታይ። አንደኛዋ መራጭ እሺ አለች። ሌላው ጓደኛችን ግን «ፎቶ የሚነሳው እኮ ፊት ረድፍ ነው፣ የምታምር ልጅ ያስፈልጋል» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። በ1989 እኔ ያልኩትን ቃል በቃል ነው ያለው። ትናንት አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን፣ ሻያችን ቀዘቀዘ፣ አልተስማማንም። ነገ እንቀጥላለን።

የሩሲያኖቹ ክርክር ያሳቃችሁ ልጆች፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን እነዚያ ስለ አንዲት ሴት ቁርጭምጭሚት ሌሊቱን ሙሉ የሚጣሉ ሰዎች ቢያንስ እያዩ ነው። ስድባቸውን አልወድም፣ ስለ ሴት ገላ የሚሉትም ያሳፍራል። የእኔ ክበብ ላይ ግን ያን ቀን የሚጣላ አንድ ሰው ጠፋ። «ቲቸር፣ ያቺ ጥግ ያለችው ትበልጣለች» የሚል አንድ ወላጅ፣ አንድ አስተማሪ አልነበረም። ቢኖር እሰማው ነበር? እንጃ።

የሴትዮዋን ስልክ አልያዝኩም። የእናቷ ሳምቡሳ ቦታ ግን አይጠፋኝም፤ ጎረቤቶቿ ያውቋታል። ነገ በጠዋት ሸዋ በር ሄጄ እጠይቃለሁ። ልጅሽን አምጪልኝ ለማለት ብቻ አይደለም፣ መጀመሪያ የ1989ኙን መናገር አለብኝ። ብትመጣ ደስታዬ ነው። ባትመጣም መብቷ ነው። የባጃጁ ልጅ «እኔ አደርስሃለሁ ቲቸር፣ ሂሳብ የለም» ብሏል።