ስለ ባለ መንኰራኵር መርከብ አምሳያ አሠራር

ከልጆቻቸው ጋር የእጅ ሥራ የሚወዱ ወላጆች ባለ መንኰራኵር የእንፋሎት መርከብ አምሳያ ለመሥራት ሲያስቡ፥ ዐይናቸው አስቀድሞ የሚያርፈው በትልቂቱና ባማረችዪቱ ላይ ነው። በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ከተማ ተሠርታ በ1946 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) ውሃ ላይ የወረደችውን «ዌቨርሊ» የምትባለዋን መርከብ በሥዕል ያየ ሰው፥ ሁለቱን ጢስ መውጫዎቿንና በግራና በቀኝ ያሉትን መንኰራኵሮቿን ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህች መርከብ 73 ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ በሃምሳ እጅ ብትታነስ እንኳ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስለምትሆን ከብዙዎቻችን የምግብ ገበታ አታንስም። ሥራው በወር በሁለት ወር ይሰለቻል፤ ልጁ ወደ ኳሱ፥ አባት ወደ ጋዜጣው ይመለሳል፤ ግማሽ አካሏም በቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ ይቀራል። ስለዚህ ለጀማሪ የምንመክረው፥ ከመርከቡ በፊት መንኰራኵሩን እንዲሠራ ነው።

ሮበርት ፉልተን የተባለው አሜሪካዊ በ1807 በሐድሰን ወንዝ ላይ ከኒው ዮርክ እስከ አልባኒ በእንፋሎት መርከብ መንገደኛ ማመላለስ ከጀመረ በኋላ፥ መንኰራኵሩ በወንዝም በባሕርም ነግሦ ነበር። በ1845 ግን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል «አሌክቶ» የተባለችውን ባለ መንኰራኵርና «ራትለር» የተባለችውን ከውሃ በታች የሚሽከረከር ፕሮፔለር ያላትን መርከብ፥ ጀርባና ጀርባቸውን በገመድ አሳስሮ ጉተታ አጋጠማቸው። ራትለር ባላጋራዋን ወደ ኋላ እየጐተተች ወሰደቻት። ከዚያ ወዲህ በውቅያኖስ ላይ የመንኰራኵር ዘመን እያለፈ ሄደ፤ በወንዝ ላይ ግን ገና ብዙ ዘመን ቈየ። ፕሮፔለር ጥልቅ ውሃ ይሻል፤ መንኰራኵር ግን የውሃውን ገጽ እየገፋ አሸዋው በቀረበበት ቦታ ሁሉ ያልፋል።

ለልጅ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የፕሮፔለር ሥራ ከውሃ በታች የተሰወረ ነው፤ የመንኰራኵር ሥራ ግን በዐይን የሚታይ ነው። ሰሌዳው ሲገባ፥ ውሃውን ሲገፋ፥ እየተንጠባጠበ ሲወጣ ልጁ ያየዋል፤ ለምን ሄደች፥ ለምንስ ቆመች ብሎ የሚጠይቀውን ጥያቄ ራሱ ለመመለስ ይችላል። በትምህርት ቤት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ግፊትንና አጸፋውን ስናስረዳ የሚያንቀላፋ ተማሪ፥ በሳፋ ዙሪያ ሲቆም አያንቀላፋም።

መነሻው እንዲህ ነው። አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ስስ ሳንቃ ፊቱን ሹል፥ ኋላውን እንደ መንታ ሹካ አድርጎ መቍረጥ፤ በሹካው ሁለት ጫፎች ላይ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ መወጠር፤ በላስቲኩ መካከል በመስቀል ቅርጽ የተጋጠሙ ሁለት ትናንሽ ሰሌዳዎች ማስገባትና ጠምዝዞ መልቀቅ። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሳንቃው ሳፋውን ሲያቋርጥ ያየ ልጅ የቀረውን ሥራ ራሱ ይጠይቃል።

ሁለተኛው እውነተኛው መንኰራኵር ነው። ከዳር እስከ ዳር 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ሁለት ክቦች ከኮምፔንሳቶ ይቈረጣሉ። በክቡ ልክ የተቈረጠ ወረቀት ሦስት ጊዜ እኩል ቢታጠፍ ስምንት እኩል ክፍል ይሰጣል፤ ያም ማለት ያለ መለኪያ ስምንት የሰሌዳ ቦታ ተገኘ ማለት ነው። ለሰሌዳዎቹ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ይበቃል፤ ጠርዙ እጅ እንዳይቈርጥ በሞረድ ይለስልስ። ዘንጉ በትክክል በመካከሉ ማለፍ አለበት፤ ጥቂት ከተዛነፈ ጀልባዪቱ እንደ አንካሳ እየነጠረች ትሄዳለች። በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ሰሌዳዎቹ ቀጥ ብለው ውሃ ውስጥ እንዲገቡ የሚያዘነብላቸው የዘንጎች ሥርዓት ነበረ፤ ጀማሪ ይህን ለጊዜው ይተወው።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ጥልቀቱ ነው። ጀልባዪቱ ቆማ ሳለች የታችኛው ሰሌዳ የላይ ጠርዝ ከውሃው ገጽ ጥቂት ብቻ ዝቅ ማለት ይገባዋል። ከዚያ በላይ ከጠለቀ መንኰራኵሩ ውሃ ወደ ላይ በማንሣት ኃይሉን ያባክናል፤ ካልጠለቀ ደግሞ ይረጫል እንጂ አይገፋም። ስለዚህ ዘንጉ የሚያርፍበት ቀዳዳ አስቀድሞ ከመበሳት ይልቅ፥ ከፍ ዝቅ የሚል ማረፊያ ሠርቶ በሳፋ ውስጥ መፈተን ይሻላል። በዚህ ሥራ አንድ ሳምንት ቢያልፍ የጠፋ ጊዜ አይባልም።

ለጀልባዋ ቅርጽ እኛ የመረጥነው መንኰራኵሯ በስተኋላ የሆነችውን የወንዝ መርከብ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንደኛ መንኰራኵሩ አንድ ብቻ ነው፤ ባለ ሁለት መንኰራኵሯ ወደ አንድ ጐን ስታዘነብል አንዱ ይጠልቅና አንዱ ይወጣል። ሁለተኛው ምክንያት የቤታችን ነው። በ1902 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ፥ በጋምቤላ ተቋቍሞ ነበር። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እስከዚያ ይመጡ፥ ቡናም ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው በ1956 ለኢትዮጵያ ተመልሷል። የእናታችን ወንድም ከዚያ ጥቂት ዓመት በፊት፥ ከጎሬ በበቅሎ ቡና ያወርዱ ከነበሩት አባታቸው ጋር ሄደው መርከቧን በሕፃንነት ዐይናቸው አይተዋታል። ዛሬ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ዐይናቸውም ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም። መርከቧን ያየ ሌላ ሰው በዘመዶቻችን መካከል አልቀረም፤ ፎቶግራፍም የለንም። ስለዚህ የሠራነውን ሁሉ በጣታቸው እየዳሰሱ፥ «ፎቁ ከዚህ ከፍ ይላል፤ ጢስ መውጫው ወደ ፊት ይጠጋ» እያሉ አሠሩን። ልጃችን ማስታወሻ ያዥ ሆነ።

ችግር የመጣው ሞተሩ ሲገባ ነው። ከተሰበረ የልጆች መኪና የተነቀለ ትንሽ ሞተር ያለ ማርሽ ቢሠራ መንኰራኵሩን እንደ እንዝርት ያሾረዋል፤ ስለዚህ ከነማርሹ መንቀል ይገባል። በማርሹ ከቀነስነው በኋላ ጀልባዪቱ በሳፋው ውስጥ ደኅና አድርጋ ሄደች። አጎታችን ግን ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና፥ «ይህ የምን ችኰላ ነው? የእርሷ አካሄድ እንደ ተጫነ በቅሎ የረጋ ነበር» ብለው፥ የሰሙትን ምት በከዘራቸው ወለሉን እየመቱ አሳዩን።

እዚህ ላይ የዕውቀቱ ደንብና የሽማግሌው ጆሮ ተጣሉ። እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ በ19ኛው መቶ ዓመት በመርከብ አምሳያዎች ላይ መርምሮ ባገኘው ሕግ መሠረት፥ በሃምሳ እጅ የታነሰች ጀልባ እንደ ትልቂቱ ማዕበል እያነሣች እንድትሄድ መንኰራኵሯ ሰባት እጥፍ ያህል መፍጠን አለበት፤ ሰባት በሰባት ሲባዛ ለሃምሳ ይቀርባልና። በከዘራው ምት ብትሄድ ከሳፋው ዳር ሳትላቀቅ ትውላለች። ደንቡን ብንከተል ደግሞ፥ ያን ድምፅ የሚያውቀው ብቸኛ ጆሮ አልቀበልም ይላል። እኛ ለድምፁ አደላን፤ ዳግመኛ የሚነግረን የለምና። ልጃችን ግን ሁለቱንም ጠበቀ፤ በአንድ የባትሪ ድንጋይ ዝግ ብላ፥ በሁለት ድንጋይ ፈጥና እንድትሄድ ሽቦውን ከፈለው። አጎታችን በመጀመሪያው ድንጋይ ድምፁን ሲሰሙ ከዘራቸውን አቆሙ፤ ረጅም ጊዜም ምንም አልተናገሩም።

የቀረው በአጭሩ ይነገራል። መንኰራኵሩ ኋላዋን ስለሚከብድ የባትሪው ድንጋይ ወደ ፊት ይቀመጥ፤ በእውነተኞቹ መርከቦችም የውሃ ማፍያው ጋን ወደ ፊት፥ ሞተሩ ወደ ኋላ የሆነው ክብደቱ እንዲመጣጠን ነው። ቀለም ከመቀባቱ በፊት እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቨርኒሽ ይጠጣ። በእውነተኛ እንፋሎት የሚሠራ ትንሽ ጋን በቤት ውስጥ መሥራት ግን ከቶ አይሞከር፤ ታፍኖ የፈነዳ እንፋሎት ፊት ያቃጥላል፤ ይህ ግፊቱን መፈተሽ የሚችል ባለሙያ ሥራ ነው።

አጎታችን አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አዝዘዋል። መርከቧ ብቻዋን መጥታ አታውቅም፤ ከጐኗ የታሰሩ ጭነት የሚይዙ ሰፋፊ ጀልባዎች ነበሩ፤ የቡናው ጆንያ የሚገባው በእነርሱ ውስጥ ነበር ይላሉ። ልጃችን ካርቶኑን ቈርጦ ጨርሷል፤ ለጆንያዎቹ የሚሆን አሮጌ ጨርቅ ከእናቱ እየለመነ ነው።