ላም አለኝ በሰማይ

ሐሙስ ማታ እኔን የፈለገ ሰው አያገኘኝም። ባለቤቴ ራት አቅርባ ትጣራለች፤ «መጣሁ» እላለሁ፤ አልመጣም። ወጡ ይቀዘቅዛል። በምንኖርበት በሜልቦርን ከተማ ክለቦች ለሳምንቱ ግጥሚያ የሚያሰልፏቸውን ተጫዋቾች ስም የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስ ማታ ነው፤ እኔም በፊናዬ ሠላሳ ተጫዋቾች ያሉት ቡድን ባለቤት፣ አሠልጣኝና ገንዘብ ያዥ ነኝ። ቡድኔ ሜዳ የለውም፤ ማልያም የለውም። ተጫዋቾቼ የእኔ መሆናቸውን አያውቁም። ነገሩን ለባለቤቴ መጀመሪያ ያስረዳኋት ዕለት እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነዋ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ወተቷን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ለማያውቁት አንባብያን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አውስትራሊያውያን «ፉቲ» የሚሉት ኳስ እኛ ከምናውቀው ኳስ ጋር ያለው ዝምድና የሩቅ ነው። ሜዳው ሞላላ ነው፤ ኳሱም ሞላላ ነው፤ በየወገኑ 18 ሰው ይሰለፋል። ግቡ አግዳሚና መረብ የለውም፤ አራት ቋሚዎች ብቻ ተተክለዋል። በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መሀል በእግር ተመትታ ያለፈች ኳስ ስድስት ነጥብ ታስገኛለች፤ በዳርና በዳር ያለፈች ግን አንድ ብቻ። ኳሷን በእጅ ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ ለጓደኛ መወርወር ግን ክልክል ነው፤ ወይ በእግር መምታት ወይ በቡጢ መትቶ ማቀበል ነው። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ሰዎቹ እርስ በርስ ሲላተሙ ደንግጬ «ዳኛው የት ሄደ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ዳኛው እዚያው ነበር።

የምናብ ቡድን የሚባለው ጨዋታ ደግሞ በዚህ ኳስ ላይ የበቀለ ሌላ ጨዋታ ነው። በሊጉ ካሉት 18 ክለቦች ተጫዋቾች መካከል እያንዳንዳችን በተወሰነልን የይስሙላ ገንዘብ ሠላሳ ሰው እንገዛለን። 22ቱ ይሰለፋሉ፤ ስምንቱ ተጠባባቂ ይሆናሉ። ሰዎቹ በእውነተኛው ሜዳ ላይ የሚሠሩት ሁሉ እየተቆጠረ ለእኛ ነጥብ ይሆናል። ኳስ በእግር ለመታ 3፣ በቡጢ ላቀበለ 2፣ በእግር የተመታችን ከአየር ላይ ለቀለበ 3፣ ኳስ የያዘ ባላጋራውን ጠምጥሞ ላስቀረ 4፣ ግብ ላገባ 6፤ ጥፋት ሠርቶ ቅጣት ያሰጠ እንደሆነ ደግሞ 3 ይቀነስበታል። በሳምንት ሁለት ሰው ሸጦ ሁለት መግዛት ይፈቀዳል፤ በአንዳንድ ሳምንት ሦስት።

ዋናው ቁም ነገር ያለው ዋጋው ላይ ነው። ዋጋ የሚተመነው ተጫዋቹ አምና በአማካይ ባመጣው ነጥብ ነው። መቶ ያመጣ የነበረ ሰው ሃምሳ ያመጣ ከነበረው እጥፍ ያወጣል። ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ ይህ ማለት በዚህ ገበያ ርካሽም ውድም የለም ማለት ነው፤ ሁሉም በነጥቡ ልክ ተመዝኖ ነው የሚሸጠው። ትርፍ የሚገኘው አምና ያልነበረውን ዘንድሮ የሚሆን ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። ዋጋ የአምና ወሬ ነው።

ወደዚህ ጣጣ ያስገባኝ በምሠራበት መጋዘን አብሮኝ የሌሊት ፈረቃ የሚገባ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው የማልታ ተወላጅ ነው። ያደገው እኔ አሁን በምኖርበት በፉትስክሬይ ነው። ለእኛ ፉትስክሬይ ማለት እንጀራና ሽሮ የሚገኝበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ «እንደምን አደርክ» የሚባልበት ሰፈር ነው። ለእሱ ግን የክለብ ስም ነው። ክለቡ እስከ 1996 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፉትስክሬይ ይባል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዌስተርን ቡልዶግስ ሆኗል። በ1954 ዋንጫ ወሰደ፤ ከዚያ 62 ዓመት ባዶ እጁን ቆየ። በ2016 ከሰባተኛ ደረጃ ተነሥቶ በፍጻሜው ሲድኒን 89 ለ 67 አሸነፈ። ሽማግሌው በማግስቱ የክለቡን ሻርፕ ይዞ ወደ አባቱ መቃብር ሄደ። በዚያ ፍጻሜ የኮከብነቱን ሜዳልያ የወሰደው ጄሰን ጆሃኒሰን፣ ጆሃንስበርግ የተወለደ፣ ክለቡ «ሩኪ» በሚባለው የበታች መዝገብ ያስገባው ልጅ ነበር። ሽማግሌው ይህን ሲናገር ጣቱን ይቀስርብኛል፤ «ማንም ያልፈለገው!» ይላል። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም።

እኔን የያዘኝ ግን የቋንቋቸው ነገር ነው። በርካሽ ተገዝቶ ዋጋው ሲያሻቅብ የሚሸጥን ጀማሪ ተጫዋች «ካሽ ካው» ይሉታል፤ የገንዘብ ላም እንደ ማለት። ሽማግሌው ይህን ሊያብራራልኝ ሲጀምር አስቆምኩት። «ተወው፤ ይህን አውቀዋለሁ። ያደግሁበት እንጀራ ነው» አልኩት።

አባቴ የኮምቦልቻ ሰው ነበር። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ ከሲታ በሬ ይገዛል፤ ጓሮ አስሮ ፋጉሎና ፉርሽካ፣ ከጎረቤት ጠላ ቤት የተገኘ አተላም እየጨመረ ያደልበዋል፤ ለፋሲካ ይሸጠዋል። ልጅ ሆኜ አብሬው ስወርድ የሚገርመኝ፣ ሥጋ ያለውን በሬ ዞር ብሎ አለማየቱ ነበር። «እሱን ሌላ ሰው አድልቦታል፤ ለእኔ ምን ቀረኝ?» ይላል። ቀጥታ ወደ ከሲታው ይሄዳል። ጥርሱን ያያል፤ የጎኑን ቆዳ ቆንጥጦ ይስባል፤ ወዲያና ወዲህ ያስነዳዋል፤ እበቱን ሳይቀር ጎንበስ ብሎ ይመረምራል። ከዚያ ሻጩን የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ አልነበረም። «ለምን ከሳ?» ነበር የሚለው። ሻጩ ይዋሻል፤ ያም የሚጠበቅ ነው። አባቴ መልሱን የሚሰማው ከበሬው ነበር። የራበው በሬ አለ፤ ሲያርስ ከርሞ የደከመው አለ፤ የታመመም አለ። ሦስቱም ከሲታ ናቸው፤ ገበያው ለሦስቱም አንድ ዋጋ ይሰጣል።

እኔም የምናቡን ገበያ በዚሁ ዓይን ማየት ጀመርኩ። የራበው ማለት ችሎታው እያለው ቦታ ያጣው ነው። ቶም ሚቸል ሲድኒ በነበረበት ጊዜ መሀል ሜዳው በትልልቅ ስሞች የተጣበበ ነበር። በ2016 መጨረሻ ወደ ሆውቶርን ተዛወረ። በ2018 የመጀመሪያ ሳምንት ከኮሊንግዉድ ጋር ሲጫወት ኳሷን በእግርና በእጅ 54 ጊዜ አቀበለ፤ ከዚያ በፊት በሊጉ ማንም ያላደረገው ነው። በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የብራውንሎ ሜዳልያ ወሰደ። በጥር 2019 ደግሞ ልምምድ ላይ እግሩ ተሰብሮ ዓመቱን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ፤ ያው ሰው በአንድ ጀንበር ከደከሙት በሬዎች ተራ ገባ ማለት ነው። ብዙ ግጥሚያ ያመለጠው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ዋጋው ላይ ቅናሽ ይደረግበታል። የዳነ እንደሆነ ቅናሹ የገዢው ትርፍ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ በሬው ሳይለወጥ ግጦሹ ይለወጣል። እስከ 2018 ድረስ ከግቡ ፊት ኳስ የሚያስጀምር ተከላካይ ከሳጥኑ ወጥቶ ለመጫወት ከፈለገ ኳሷን መጀመሪያ ለራሱ በእግሩ መንካት ነበረበት፤ በ2019 ይህ ቀረለትና እንዳሻው ሮጦ መውጣት ቻለ። ሮጦ ወጥቶ የመታት ኳስ እንደ ማንኛውም ምት ትቆጠርለታለች። ተመልካች ከቁም ነገር አይጽፈውም፤ እኛ ግን «የዚያ ክለብ አስጀማሪ ማን ነው? ጡረታ ሲወጣ ማን ይተካዋል?» እያልን እንቅልፍ እናጣለን። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በሚደረጉት የመለማመጃ ግጥሚያዎች ሰው ሁሉ ግብ ማን እንዳገባ ያያል፤ እኔ ጨዋታው መሀል ሜዳ ላይ ሲጀመር አራት ማዕዘኑ ውስጥ ማን እንደቆመ አያለሁ። አምና በጥግ ይቆም የነበረ ልጅ ዘንድሮ አራት ማዕዘኑ ውስጥ ከታየ ለእኔ ባቲ ገበያ ነው።

የሚያሳስተው ሦስተኛው ነው። በሁለተኛው ዓመቴ ስሙ ያስከበረው፣ ጉልበቱ ደጋግሞ የተጎዳ፣ ዋጋው የወደቀ አንድ ትልቅ ተጫዋች ገዛሁ። ስሙን አልጠራም፤ ሰውዬው ግዛኝ ብሎ አልለመነኝም። ርካሽ መሆኑን ብቻ አይቼ «ለምን ከሳ?» ማለትን ረሳሁ። አራተኛው ሳምንት ላይ አበቃለት፤ ከ12 ሰው 11ኛ ወጣሁ። መጽናኛዬ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈላቸው መልማዮችም እንደሚሳሳቱ ማወቄ ነው። የወጣቶች ምርጫ ሲደረግ ጄምስ ሂርድ በ1990 የተጠራው 79ኛ ሆኖ ነበር፤ ዴን ስዋን በ2001 58ኛ። ሂርድ በ1996 የብራውንሎን ሜዳልያ ከማይክል ቮስ ጋር ተጋራ፤ ስዋን በ2011 ወሰደው። በነሱ ፊት የተጠሩት እነዚያ ሁሉ ልጆች ሥጋ ነበራቸው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ልጄ ለመናገር ነው። 15 ዓመቱ ነው፤ የተወለደው እዚሁ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ከሌሊት ፈረቃ ስገባ እሱ ትምህርት ቤት ሄዷል፤ እሱ ሲመለስ እኔ ልወጣ እየተሰናዳሁ ነው። ይህ የምናብ ቡድን እስኪመጣ ድረስ «በላህ?» እና «አጠናህ?» ከሚሉት በቀር የምንነጋገረው አልነበረንም ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ግን ሐሙስ ማታ ከሥራ በፊት ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንከራከራለን። ቁጥሩን እሱ ከስልኩ ይፈልጋል፤ ፍርዱን እኔ እሰጣለሁ። እሱ የማይሸጥለት አንድ የቡልዶግስ ልጅ ነበረን። እንዲያው ይወደዋል፤ ምክንያት የለውም።

አምና በሰኔ፣ እዚህ ክረምት ሲገባ፣ ያ ልጅ ሁለት ሳምንት ደከመ። «ብሬክ-ኢቨን» የሚሉት ነገር አለ፤ ዋጋው እንዳይወርድ ማምጣት ያለበት የነጥብ ልክ ነው። የልጁ ከመቶ በላይ ወጣ። እኔም ልጄ ሲተኛ ጠብቄ፣ ሥራ ቦታ በሻይ ሰዓት ሸጥኩት።

ዓርብ ጧት ልተኛ ስል ደረሰብኝ። «ሸጥከው?» አለኝ፤ በአማርኛ።

«ዋጋው ሊወርድ ነው፤ ምን ላድርግ?»

ቦርሳውን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ። «አባዬ፣ የእኔስ ብሬክ-ኢቨን ስንት ነው?»

ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። እሱ አልሣቀም። የሸጥኩት ተጫዋች በማግስቱ 118 ነጥብ አመጣ፤ እሱን እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ባለቤቴ የነገረችኝን ነው። ልጄ ከ16 ዓመት በታች በሚጫወትበት የሰፈር ቡድን ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ አብዛኛውን ሰዓት ያሳለፈው ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። የሚጫወተው እሑድ ጧት ነው፤ ሜዳው ከቤታችን በመኪና አሥር ደቂቃ ነው፤ እኔ እሑድ ጧት እተኛለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ፐርዝ ያለ የማላውቀው የሰው ልጅ ባለፈው ሳምንት ስንት ሰው ጠምጥሞ እንዳስቀረ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ፤ ልጄ በየትኛው ቦታ እንደሚሰለፍ ግን አላውቅም ነበር።

እሑድ ከፈረቃ ስወጣ ወደ ቤት አልሄድኩም። የሚያብረቀርቀውን የሥራ ሰደርያ እንደለበስኩ ሜዳው አጥር ላይ ተደግፌ ቆምኩ። ብርዱ ለጉድ ነው፤ ሜዳው ጭቃ ነው። ልጄ አየኝና ፊቱን ወደ ጫማው መለሰ። ሲያስገቡት ከኋላ ጥግ ላይ ነበር ያቆሙት፤ ለካ አምና አጭር ስለነበር የተሰጠው ቦታ ኖሯል። በአንድ ዓመት ውስጥ ግን እግሩ ረዝሟል፤ ትከሻው ሰፍቷል። እኔ አባቱ ያን ዕለት ነው ያየሁት። ኳሷ እሱ ወዳለበት ጥግ አትመጣም፤ እሱም ቆሞ ይጠብቃታል። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አንድ ልጅ አነከሰና አሠልጣኙ ሌላ ሰው ቢያጣ ልጄን ወደ መሀል ላከው። ከኪሴ የዕቃ መጫኛ ወረቀት አውጥቼ ጀርባው ላይ መቁጠር ጀመርኩ።

መኪና ውስጥ ጭቃውን በፎጣ እየጠረገ፣ «ወረቀቱ ምንድን ነው?» አለኝ። ሰጠሁት። በእግር 4፣ በቡጢ 3፣ ቅልብ 2፣ ጠምጥሞ ያስቀረው 5፣ ቅጣት 1፤ ድምር 41።

ቀስ ብሎ አነበበው። «አምስት አይደለም፤ ስድስት ነው። በወዲያኛው አጥር በኩል ያለውን አላየኸውም።»

ቡና ልገዛ ሄጄ እንደነበር አመንኩ። እስክሪብቶዬን ተቀብሎ 41ን ሰረዘና 45 ጻፈ። ጥቂት ቆይቶም፣ «ቅጣቱም ቢሆን የእኔ ጥፋት አልነበረም» አለ። እኔ በደንብ አይቼዋለሁ፤ ጥፋቱ የሱ ነው። ቤት እስክንደርስ ድረስ ተከራከርን።