የአባዬ ጆሮና ባለ አምስቱ ስፒከር

እናላችሁ፣ ዕቁብ ወጣልኝ። ዕቁብ የወጣለት ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ብሩ እጁ ሳይገባ በሐሳቡ ሦስቴ ይጨርሰዋል። እኔም በመጀመሪያው ቀን ላፕቶፕ ገዛሁ (በሐሳቤ)፣ በሁለተኛው ቀን ሐዋሳ ደርሼ ተመለስኩ (አሁንም በሐሳቤ)። በሦስተኛው ቀን ታናሽ ወንድሜ ሳሎን መሃል ቆሞ አዋጅ አወጀ፤ «ሆም ቲያትር እንገዛለን!»

«እንገዛለን» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ብሩ የኔ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ሐሳቡን አልጠላሁትም። የወንድሜ ምክንያት ኳስና የጥይት ፊልም ነው። የኔ ምክንያት አባዬ ነው።

አባዬ 28 ዓመት ሙሉ በከባድ መኪና የጅቡቲን መንገድ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ዱከም ቤት የሠራውም በዚሁ መንገድ ሰበብ ነው። ከተማችን ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በድሮው የአዳማ መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ናት፤ ሾፌር ቁርጥ የሚበላባት፣ ረዳት ጎማ የሚፈትሽባት። እ.ኤ.አ. በ2014 የፍጥነት መንገዱ ሲከፈት «በቃ፣ አለቀላት» ያሉም ነበሩ። አላለቀላትም። ሲኖትራኩ ዛሬም በደጃችን ያልፋል፤ ባለፈ ቁጥር የእማዬ ሲኒዎች ቡፌው ውስጥ ይንጫጫሉ።

የቴሌቪዥናችን ድምፅ ድሮ 15 ላይ ነበር። ከዚያ 25 ሆነ። ከዚያ 40። ከዚያ እማዬ ራስ ምታት ጀመራት። ከዚያ አባዬ ሳሎን መቀመጥ ተወ። ማታ ማታ ጋቢውን ደርቦ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ስንጠራው «የዛሬ ፊልም ምን ይረባል!» ይላል። እኛም አመንነው። አንድ ቀን ግን አብሮን ተቀምጦ ሁላችንም በአንድ ቀልድ ስንስቅ አየሁት። መጀመሪያ ፊታችንን ተራ በተራ አየ፤ ከዚያ ሳቀ። ቀልዱን አልሰማም። የሳቀው እኛ ስለሳቅን ነው።

በስንት ልመና ሐኪም ዘንድ ሄደ። ተመረመረ፤ የሞተሩም የዕድሜውም ሥራ ነው ተባለ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም እንደሚለው በቀን ለ8 ሰዓት ሲሰማ የሚዋል ድምፅ ከ85 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ በላይ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀነሳል። ለአባዬ ትውልድ ሾፌር ይህን ማን ነግሮት? «የጆሮ መሣሪያ ያስፈልግሃል» ሲባል ደግሞ «ሽማግሌ አታድርጉኝ» ብሎ ዘጋው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔም ያወቅኩት በቅርቡ ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ወፍራሙ ይቀራል። ንግግር ውስጥ ደግሞ ወፍራምና ጉልህ የሆኑት አናባቢዎቹ ናቸው፤ እነ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ»፣ «ጸ» ቀጭንና ደካማ ናቸው። ስለዚህ አባዬ ሰው መናገሩን ይሰማል፤ ምን እንዳለ ግን አይለይም። «ሰላም» የምትለዋ ቃል «ላም» ሆና ትደርሰዋለች። ድምፁን 40 ላይ ብታደርጉለት ላሟ ትጎላለች እንጂ ሰላም አትመጣም።

ሌላም አለ። አባዬ ሳናውቀው ከንፈር እያነበበ ኖሯል። እማዬ የምትወደው ግን የቱርክ ድራማ ነው። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ የብዙ ሳሎን እንግዳ ሆኗል፤ የኛም ሳሎን ከነዚያ አንዱ ነው። ከንፈሩ ቱርክኛ፣ ድምፁ አማርኛ! ምስኪን አባዬ በምን ይያዘው?

እናም መርካቶ ሄድን። ሻጩ ቅልጥፍጥፍ ያለ ልጅ ነው። «እህቴ፣ ይቺን ውሰጂ፤ 2000 ዋት ናት! ሰፈር ታናውጣለች!» አለኝ። ሰፈር ማናወጥ አልፈለግኩም። ወንድሜ ግን ዓይኑ በራ። እኔ ዕቃውን አዙሬ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ፤ የሚወስደው ኃይል 80 ዋት ይላል። ከግድግዳ 80 ዋት የሚወስድ ዕቃ እንዴት አድርጎ ያለማቋረጥ 2000 ዋት ይሰጣል? ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚባለው ለማስታወቂያ የተነፋ ቁጥር ነው፤ መጠየቅ ያለበት አር.ኤም.ኤስ. የሚባለው ነው። እሱም ቢሆን አይምታታባችሁ። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሯችን እጥፍ የሆነ ያህል እንዲሰማን 10 እጥፍ ዋት ይጠይቃል።

ባዶ እጃችንን ተመለስን። ወንድሜ እስከ ቃሊቲ ድረስ አኮረፈ። ቢሾፍቱ ታክሲ ውስጥ «መጀመሪያ ቤቱን እንለካ» አልኩት። «ቤት ልትሠሪ ነው ስፒከር ልትገዢ?» አለኝ።

ለካን። ሳሎናችን 4 በ3.5 ሜትር ነው። የብሎኬት ግድግዳ፣ የሴራሚክ ወለል፣ ከኮርኒሱ በላይ ቆርቆሮ። አንዴ አጨበጨብኩ። ድምፁ «ጭዋ-ዋ-ዋ» ብሎ ተመለሰ። ይህን ዘዴ የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ የሬዲዮ ትምህርት ስንወስድ ነው። ስቱዲዮ ወረፋ ሲበዛ ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንበን ነበር የምንቀዳው፤ ባዶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ይወረውርና ቃሉን ያጨቀያል፣ ጨርቅ ግን ይውጠዋል። (ሥራ ፍለጋ ላይ ያልጠቀመኝ ዲግሪ ቢያንስ ለሳሎን ጠቀመኝ።)

ወንድሜ ደግሞ ከጓደኛው ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቲያትር ከነትልቁ ቤዝ ለሁለት ቀን ተውሶ መጣ። ቤዙን ጥግ ላይ አስቀመጠው። መሃለኛውን ስፒከር ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ኋላ ወሸቀው። ኋለኞቹን ሁለቱን ቦታ ስላጣ ቡፌው አናት ላይ ደረደራቸው። ከፈተው። ቤቱ ጓ! አለ። አባዬ ገብቶ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆመና «ሞተር ነው እንዴ የገዛችሁት?» ብሎ ወጣ። ወዲያው ጎረቤታችን እትዬ በአጥሩ በኩል «ልጆቼ፣ አራስ አለችብን» አሉ። ቤዝ ግድግዳ አያግደውም፤ ይባስ ብሎ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል።

ያን ቀን ማታ ተቀምጬ አነበብኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ክፍል እንደ ልኩ የሚያስተጋባቸው ወፍራም ድምፆች አሉት። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ስታካፍሉት 4 ሜትሩ 43 ሄርዝ፣ 3.5 ሜትሩ 49 ሄርዝ ይሰጣችኋል። በነዚህ ላይ ሳሎናችን እንደ ከበሮ ይጮሃል። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ክፍል ደግሞ ይብሳል፤ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ይወድቃሉና። ቤዙን ጥግ ላይ ማድረግ ይህን ሁሉ ማባባስ ነው። ሶፋችንም ከኋላ ግድግዳው ጋር ተለጥፏል፤ እዚያ ደግሞ ይኸው ወፍራም ድምፅ ይከማቻል። ወፍራሙ ሲበዛ ቀጭኑን ይሸፍናል። የአባዬን ጥቂት ቀሪ «ሰ»ዎች የቀበርናቸው እኛው ነን ማለት ነው።

መሃለኛው ስፒከር ሲኒማ ቤት ውስጥ ከሸራው ኋላ የሚቀመጠው፣ ዳር የተቀመጠውም ተመልካች ንግግሩን ከተዋናዩ አፍ እንዲሰማ ነው። የፊልም ንግግር አብዛኛው የሚወጣው በሱ በኩል ነው። እኛ ግን ብርጭቆ ኋላ ደበቅነው። ከዚያም በላይ ቴሌቪዥን የሚሰጠን ድምፅ በአብዛኛው ባለ ሁለት መስመር ስቴሪዮ ነው፤ የድሮዎቹ የአማርኛ ፊልም ቪሲዲዎችም እንዲሁ ነበሩ። ዕቃው ከሁለቱ መስመሮች የጋራ የሆነውን ለይቶ ወደ መሃል እንዲልክ ካልታዘዘ መሃለኛው ዝም ይላል፤ ወይም አምስቱም አንድ ነገር ይለፈልፋሉ። የኛው ይለፈልፍ ነበር።

በማግሥቱ እማዬን አስፈቅደን ሳሎኑን ገለበጥነው። መሃለኛው ከቡፌው ወጥቶ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ወደ ሶፋው ጆሮ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ግራና ቀኙ በ2 ሜትር ተኩል ያህል ተራራቁ፤ ከሶፋው 3 ሜትር ለሚርቅ ቴሌቪዥን ይህ በቂ ነው። ሶፋውን ከግድግዳው ሁለት ክንድ ያህል ሳብነው። ጓዳ ተጠቅልሎ የኖረው ምንጣፍ ተነጠፈ፤ መጋረጃው ተዘረጋ። ኋለኞቹ ስፒከሮች መሆን ያለባቸው ከአድማጩ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከፊት ለፊቱ 110 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በኛ ሳሎን በአንዱ በኩል በር፣ በሌላው በኩል የእማዬ ረከቦት አለ። ተውናቸው። ቤዙንም አጠፋነው።

ወንድሜ «ታዲያ ይሄ ሆም ቲያትር ነው?» አለ። አልተሳሳተም። ሄሊኮፕተሩ ከኋላችሁ መጥቶ በአናታችሁ ላይ እንዲያልፍ ከፈለጋችሁ፣ ለሶፋችሁም ከኋላው ክፍት ቦታ ካለው፣ አምስቱም ያስፈልጋችኋል። እኔ የምለው ስፒከር ከመምረጣችሁ በፊት ክፍሉንና የሚሰማውን ሰው ዕወቁ ነው። የኛ ክፍል ጠባብ ነው፤ የኛ ሰው ደግሞ ሄሊኮፕተር አልናፈቀውም። ሰው ሲያወራ መስማት ነው የናፈቀው።

ማታ አባዬን «አንዴ ብቻ» ብለን አስገባነው። ድምፁ 22 ላይ ነበር። የእማዬ ድራማ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ዝም አለ። ከዚያ፦

«ይቺ ልጅ እየዋሸችው ነው።»

ማንም ሳቅም ለቅሶም አላሳየውም ነበር። ራሱ ሰምቶ ራሱ ፈረደ። እማዬ ወደኔ ዞረች፤ ምንም አላለችም፣ ቡና ልታፈላ ተነሣች። ወንድሜም ከዚያ ወዲያ ስለ ሄሊኮፕተር አልተናገረም።

የተዋስነውን መለስን። የገዛሁት መሃሉ ላይ ለብቻው የንግግር ስፒከር ያለውን፣ ቤዙ በሪሞት የሚቀነስ ሳውንድባር ነው። ስትገዙ «ቻናሉ ስንት ነው?» በሉ፤ 2.1 ከሆነ መሃለኛ የለውም፣ 3.1 ከሆነ አለው። መብራት ሲመጣና ሲሄድ እንዳያቃጥለው ስታቢላይዘርም ጨምሬያለሁ።

ሁሉም ነገር ተፈታ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ስፒከር ጆሮ አያክምም። ዜና ሲፈጥን አባዬ አሁንም ይስታል፤ ከደጅ ስንጠራው አይሰማም፤ ሰው ሲበዛ ወደ አግዳሚ ወንበሩ ይመለሳል። ቤታችንን አስተካከልንለት እንጂ ዓለሙን አላስተካከልንለትም። ከዕቁቡ የተረፈውን ብር ስለዚህ አልነካሁትም፤ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ፣ መሃለኛው ስፒከር ተደብቆበት ከነበረው ቦታ ሥር አለ። ላፕቶፑም ሐዋሳም ይቆዩ።

ባለፈው እሑድ ፊልሙ አልቆ ሁሉም ሲነሣ አባዬ ሪሞቱን እያገላበጠ፣ ወደኔም ሳያይ እንዲህ አለ፦

«ያ ሐኪሙ ያለው ነገር... ስንት ነበር ዋጋው?»

ነገርኩት። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። ሰማኝ።